ቦኖ ጠባቂዋ ያላየችው ክርክር

ወለተሩፋኤል ክርክሩን ያላየችው ቴሌቪዥን ስለሌላት ነው የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ቴሌቪዥን አላት፤ ያውም ልጇ ዝማሬ ከባሕር ዳር ገዝታ በአውቶብስ አስጭና ያመጣችላት ሰፊ ቴሌቪዥን። ቴሌቪዥኗ ጥልፍ ጨርቅ ተከናንባ ከሟች ባሏ ከመሪጌታ ዕንባቆም ፎቶግራፍ ጎን ተቀምጣለች። መብራት እስካልጠፋ ድረስም ትሠራለች። ይህ አስቀድሞ ይነገር፤ ምክንያቱም ሰፈሩ በኋላ አፉን ሲከፍት መጀመሪያ ያነሣው ድህነቷን ነበር፣ ቀጥሎ አለመማሯን፣ ቀጥሎ ደግሞ እልኸኛነቷን። ከሦስቱ እውነት የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ሥራዋ ቦኖ መጠበቅ ነው። ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ቁልቁል ወርዶ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ በሚጀምርበት ጥግ፣ አንድ ሰው እንደ ነገሩ የምታስቆም የብሎኬት ክፍል አለች። ከክፍሏ ፊት ሁለት ቧንቧ፣ ከቧንቧዎቹ ፊት ደግሞ የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃው ደግሞ እንደ ልቡ ነው። አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ከባለጋሪ መግዛት ሲጀምር ብቅ ይላል። ሲመጣ አያስታውቅም። መጀመሪያ ቧንቧው ያፏጫል፣ ቀጥሎ እንደ ሽማግሌ ያስላል፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ይተፋል፤ ከዚያ በኋላ ይጠራል። ወለተሩፋኤል ይህን ድምፅ አሥራ ሰባት ዓመት አዳምጣዋለች።

የተወለደችው ወገራ ደጋ ላይ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለመሪጌታው ተድራ ጎንደር ገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች። መሪጌታው ሲያርፍ የቤተ ክርስቲያኑ ደመወዝም አብሮት አረፈ። ያን ጊዜ ነው የሰፈሩ የውሃ ማኅበር የቦኖውን ቁልፍ የሰጣት። ሰዎቹ የሰጧት አዝነውላት ነበር፤ ምስኪን መበለት ናት፣ ዝም ብላ ከፍታ ትዘጋልናለች ብለው። እሷ ግን ቁልፉን በተቀበለች በሳምንቱ ሕግ አወጣች።

ሕጉ እንዲህ ነው። ሰው ጀሪካኑን ወረፋ አስይዞ ወደ ጉዳዩ መሄድ ይችላል፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው። ጀሪካኑ በባለቤቱ ምትክ ቀንም ሌትም ይሰለፋል። አንዱ በታሰረበት ቀይ ጨርቅ፣ አንዱ በጎኑ ላይ በተሣለው መስቀል፣ አንዱ በተሰበረ እጀታው ይታወቃል፤ ማንም አይነካውም። ውሃው መጥቶ ተራው ሲደርስ ግን ባለቤቱ ወይም ከቤቱ አንድ ሰው ከጀሪካኑ ኋላ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ጀሪካኑ ይታለፍና በአካል የቆመ ሰው ይቀዳል። «ባለቤቱ ያልቆመበት ጀሪካን አይሞላም» ትላለች። በዚህ ሕግ የንስሐ አባቷን ጀሪካን አልፋለች። የቀበሌውን ሹም ጀሪካን አልፋለች። አንድ ጊዜ የዝማሬን ጀሪካን አልፋ ልጅቱ ሳምንት ሙሉ አኩርፋታለች። የራሷ ሁለት ጀሪካኖች ደግሞ ሁልጊዜ ከሁሉም መጨረሻ ናቸው፤ ቧንቧው ጋ ቆማ ከጀሪካኗ ኋላ መቆም አትችልማ።

በምርጫው ዓመት ለየሰፈሩ አንድ መልእክት ደረሰ። ዕጩዎቹ አንድ ቅዳሜ በከተማው አዳራሽ ተገኝተው የነዋሪውን ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ከየሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ ይጠይቃል፤ ለእሱም አንድ ጥያቄና አንድ ተከታይ ጥያቄ ይፈቀድለታል። የሰፈሩ እድር ተሰብስቦ ብዙም ሳይነጋገር ወለተሩፋኤልን መረጠ። ጥያቄው ስለ ውሃ ነው፤ ስለ ውሃ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በቃ።

ወለተሩፋኤል ደስታዋን ለመደበቅ ሞክራ አልሆነላትም። ምርጫ በመጣ ቁጥር አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። መጀመሪያ የመረጠች ዕለት ዝማሬን አዝላ ከንጋት እስከ ቀትር ተሰልፋለች። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ወረቀት አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከመጨመር በቀር አንድም ሹመት ፈላጊ ፊት ለፊት አቁማ ጠይቃ አታውቅም። አሁን ልትጠይቅ ነው። ውሃ በሌለበት ቀን ሁሉ ከባዶዎቹ ጀሪካኖች ፊት ቆማ ጥያቄዋን ትለማመድ ጀመር። አላፊ አግዳሚው ቢስቅባትም አልተወችም።

ከቴሌቪዥኑ ክርክር በፊት በነበረው ዓርብ፣ የአዳራሹ ቀን ገና ሳምንት ሲቀረው፣ መምህር ህሩይ ወደ ቦኖው መጣ። ህሩይ የሥነ ዜጋ መምህር ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። መነጽሩን በሹራቡ እጅጌ የሚጠርግ፣ ክፋት የሌለበት፣ ነገር ግን ክፍል ውስጥ ይሁን መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ማስተማር የሚያምረው ሰው ነው።

«እትዬ ወለተሩፋኤል፣ የፊታችን እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዕጩዎቹ ክርክር ይተላለፋል። ቴሌቪዥኑን ግቢ አውጥቼ ሸራ እወጥራለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል። ለእርስዎ ከፊት ወንበር ይዤልዎታለሁ።»

«ተባረክ ልጄ። እኔ አልመጣም።»

«ምነው?»

«ለሚያየው ሸጋ ነው። እኔ አላይም።»

ህሩይ መነጽሩን አወለቀ። «ጠያቂያችን እኮ እርስዎ ነዎት! ማን ምን እንዳለ ሳይሰሙ፣ ጎን ለጎን አቁመው ሳያወዳድሩ ድምፅ መስጠት የኃላፊነት ሥራ ነው?»

«እዚያ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው ሰውዬ እኔን ያየኛል?»

«እንዴት አድርጎ ያይዎታል?»

«እንግዲያስ! እሱ እኔን ሳያየኝ እኔ ሁለት ሰዓት ተጎልቼ እሱን ላይለት ነው? ባለፈው ምርጫ አይቻቸዋለሁ። ሁሉም አዲስ ልብስ ለብሰው ነበር። ሁሉም ውሃ እናመጣለን አሉ። ደወል ሲደወልባቸው ከአፋቸው ያለውን እንኳ አልጨረሱትም። በማግሥቱ እኔ እዚሁ መጥቼ ደረቅ ቧንቧ ስጠብቅ ዋልሁ።»

«ታዲያ በምን ይመርጣሉ?»

«የሠሩትን አያለሁ፤ ያልሠሩትንም አያለሁ። እዚህ ቆሜ ነው የማየው።»

«እትዬ፣ አንዳንዱ ነገር እዚህ ቆመው አይታይም» አለ ህሩይ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሠሩትን ያዩታል። ሊሠሩ ያሰቡትን ግን ከአፋቸው ነው የሚሰሙት።»

ይህችኛዋ ንግግር ትንሽ ሸንቆጥ አደረገቻት። ቁልፎቿን ታንኳኳ ጀመር። ህሩይ ተሰናብቷት ሄደ።

እሑድ ሰፈሩ ከቅዳሴ መልስ ምሳውን በልቶ ወደ ህሩይ ግቢ ጎረፈ። ወንበሩ ሲሞላ አግዳሚ ወጣ፤ አግዳሚው ሲሞላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሽምብራ ቆሎ በሰፌድ ዞረ። ውሃ ከመጣ አሥራ ስድስት ቀን ሆኖታል፤ ከቦኖው ፊት አርባ ሦስት ጀሪካን ተሰልፏል፤ ከጀሪካኖቹ ኋላ ግን አንድም ሰው የለም። ወለተሩፋኤል በሯ ላይ በርጩማ አውጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። አጠገቧ ልብስ ሰፊዋ ኢልሃም የሰው ቀሚስ ዘርፍ ትጠልፋለች። ኢልሃም ሱቋ ከቦኖው ትይዩ ነው፤ ሁለቱ ሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ አንዷ ስትጾም ሌላዋ ፊቷ አትበላም። ኢልሃም ጥሩ ሴት ናት፤ አንድ ዐመል ብቻ አለባት፣ ቀልድ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ቧንቧው አፏጨ።

ወለተሩፋኤል ከበርጩማዋ ብድግ አለች። ቧንቧው ሳለ። ቀዩን ተፋው። «ኢልሃም! ሩጪ፣ ጥሪልኝ!» አለች። ኢልሃም መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ሮጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኢልሃም እስከ ዛሬ ድረስ እየሳቀች ነው የምታወራው። ግቢው በር ላይ ቆማ «ውሃ መጣ!» ብላ ጮኸች። ጥቂት ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት። ከሁለት ሳምንት በፊት ልክ እንዲህ ጮሃ ሰፈሩን በሙሉ ባዶ ቧንቧ ድረስ አስሩጣዋለች፤ ለሳቅ። «ዛሬስ አትሸውጂንም!» አሏት። በአላህ ስም ማለች። «ቆይ፣ ይችን ብቻ ይመልስ» አለ ሌላው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጠያቂው አቶ አስማረ የሚባለውን ዕጩ ስለ ምን ጠይቆት እንደነበር ማወቅ የፈለገ ካለ፤ ስለ ውሃ ነበር። ግቢው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ኢልሃም ሁለተኛ ስትጮህ ህሩይ ራሱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛት።

ተመልሳ ስትመጣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰፈር ሰው ወሬውን ሰምቶ ደርሶ ነበር። ሴቱም ወንዱም ጀሪካኑን ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ከአርባ ሦስቱ ጀሪካኖች ኋላ ተሰልፏል። ሁሉም ዓይን ወለተሩፋኤል ላይ ነው።

«አልመጡም?» አለች።

«ስለ ውሃ እየሰሙ ነው» አለች ኢልሃም።

ወለተሩፋኤል እንዲሰሙ ብላ ባዶ በርሜል በድንጋይ ደበደበች፤ ማንም አልመጣም። ቧንቧውን ትታ መሄድ አትችልም። ሰልፉን አየችው። የፊተኛው ጀሪካን የእድሩ ሰብሳቢ የአያ ተክለ ጊዮርጊስ ነው። ሁለተኛው የህሩይ ነው፤ ስሙን በማርከር ጽፎበታል። እያንዳንዱን ታውቀዋለች፤ በየትኛው ቤት ስንት ልጅ እንዳለ፣ ማን ቤት አራስ እንደተኛች ታውቃለች። ለእነዚህ ሰዎች ብላ ሕጉን አንድ ቀን፣ ዛሬን ብቻ፣ ብትዘልለው ማን ይጠይቃታል? እነዚያ የማዶዎቹ ግን ቆመዋል። ቆመው እያዩዋት ነው።

የአያ ተክለ ጊዮርጊስን ጀሪካን በእግሯ ገፋ አድርጋ አለፈችው። የህሩይን አለፈችው። አርባ አንዱን አለፈች። አርባ ሁለተኛው የኢልሃም ነበር፤ ቆማበታለችና ቀዳችላት። አርባ ሦስተኛውንም አልፋ ለማዶ ሰዎች ቀዳች። ከዐሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። የራሷ ሁለት ጀሪካኖችም ባዷቸውን ቀሩ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ከክርክሩ ተመለሰ። አቶ አስማረ እንዴት እንደተናገረ፣ እንዴት እጁን እንዳነሣ እያወራ መጣ። ኮብልስቶኑ እርጥብ ነው። ጀሪካኖቹ ግን ደረቅ ናቸው። እሷ ላይ የወረደባትን ነገር ሁሉ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ አንዳንዱ የተናገሩት ሰዎች ራሳቸው በኋላ ያፈሩበት ነው። «ለባዕድ ቀድታ እኛን አስጠማችን» የሚለው ከሁሉም ለስላሳው ነበር። ወለተሩፋኤል ቁልፏን አዙራ ቤቷ ገባች። እንባዋ መጣ፤ ለእነሱ እንዳይታይ አድርጋ አለቀሰች።

ማክሰኞ ከሰዓት እድሩ ድንኳኑን በሚያስቀምጥበት ቤት ተሰበሰበ። አጀንዳው «ስለ አዳራሹ ጠያቂ» ነው ተባለ። ስለ ውሃው የተናገረ አልነበረም። እንዴት ብለው ይናገሩ? ሕጉን አሥራ ሰባት ዓመት አብረዋት ሲያወድሱ ኖረው፣ የማዶ ሰው ሲታለፍ አጨብጭበው፣ ዛሬ በእኛ ላይ ለምን ሠራ ሊሏት ነው? ስለዚህ ሌላ ምክንያት ፈለጉ፤ ምክንያቱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር።

«ወለተሩፋኤል ክርክሩን አላየችም» አለ አንዱ።

«ከተማው ሁሉ ያየውን ያላየ ሰው እንዴት ሰፈር ይወክላል?» አለ ሌላው።

«ኃላፊነት የጎደለው ነገር ነው» አለ ሦስተኛው፤ ከህሩይ የሰማት ቃል ናት።

ወለተሩፋኤል ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «ስለ ውሃው ከሆነ ስለ ውሃው በሉኝ። ቅር ካላችሁ በውሃው ውቀሱኝ። እኔ እናንተ የሰጣችሁኝን ቁልፍ ይዤ እናንተ ያመናችሁበትን ሕግ ነው የጠበቅሁ። ጀሪካናችሁን አቁማችሁ ሄዳችሁ፤ ጠራኋችሁ፤ አልመጣችሁም። አሁን ደግሞ ኃላፊነት የጎደለሽ አንቺ ነሽ ትሉኛላችሁ?»

አያ ተክለ ጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ህሩይ ዞረ፤ ከዚህ ጭንቅ አውጣኝ እንደማለት። ህሩይ ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል፤ የውሃው ንዴትና የሚያምንበት ነገር ተቀላቅለውበታል።

«እትዬ፣ እኔ ስለ ውሃው አይደለም የምናገረው። ዓርብ ዕለት የነገርኩዎትን ነው። አቶ አስማረ ምን እንዳለ ያውቃሉ? በአንድ ዓመት ውስጥ ቦኖዎች በሙሉ ይዘጋሉ ብሏል። የእርስዎም ጭምር። ይህን ማን ነገረዎት? እዚያ ቦኖው ጋ ቆመው አይተውታል?»

ወለተሩፋኤል ነጠላዋን ይዛ ቁጭ አለች። አታውቅም ነበር። አዳራሽ ልትጠይቅ የተዘጋጀችበትን ጥያቄ ለብቻዋ ስትለማመድ ሰውየው የምትቆምበትን ጥግ እዘጋለሁ ብሎ ከተማ ሙሉ ሰምቶታል፤ እሷ ብቻ ናት ያልሰማችው። ህሩይ እውነቱን ነው፤ ይህን ለራሷ መካድ አልቻለችም።

ኢልሃም ብቻ «እኔ እሷን እንጂ ሌላ አልልክም» ብላ ብትጮህም፣ እጅ ሲወጣ ህሩይ ተመረጠ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ወለተሩፋኤል በደረቁ ቧንቧ አጠገብ ተቀምጣ አሰበች። መጀመሪያ ያሰበችው ስለ እንጀራዋ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁልፉ ከተወሰደ ሌላ ሥራ የላትም። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኗ ወደ ጀሪካኖቹ ሄደ። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ባለ ቀይ ጨርቁ፤ ተከራይ። ባለ መስቀሉ፤ ተከራይ። እጀታ የሌለው፤ በሰው ጓሮ አንዲት ክፍል የተከራዩ ባልና ሚስት። ከአርባ ሦስቱ ሠላሳ አንዱ የተከራይ ነው። አከራዮቻቸው ግቢ ውስጥ ቧንቧ አለ፤ ቧንቧው ግን የብረት ሣጥን ለብሶ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ወለተሩፋኤል ብድግ አለች። የቀድሞ ጥያቄዋን ጣለችው።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ከኢልሃም ጋር አዳራሹ ገባች። ጠያቂ ባትሆንም ነዋሪ ናት፤ በሩ ላይ የከለከላት የለም። ከኋላ ተቀመጡ። መድረኩ ላይ ዕጩዎቹ ተደርድረዋል። የሰፈራቸው ተራ ሲደርስ ህሩይ ወረቀቱን ይዞ ማይክሮፎኑ ጋ ቀረበ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለየቤቱ ቧንቧ የሚገባው በምን ዕቅድ እንደሆነ በሥርዓት፣ በጥሩ አማርኛ ጠየቀ።

አቶ አስማረ ተነሣ። «ውሃ ቅንጦት አይደለም፤ ውሃ ክብር ነው!» አለ። «በአንድ ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቧንቧ ይኖረዋል። እናቶቻችን ጀሪካን ተሸክመው የሚጎብጡበት የቦኖ ዘመን ያበቃል!» አዳራሹ አጨበጨበ። ህሩይ ግን አላጨበጨበም። ከኋላ ያሉት አይታያቸውም እንጂ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ክርክሩን ሦስት ጊዜ አይቶታል፤ ቃል በቃል በደብተሩ ጽፎታል። ሰውየው «ክብር» ሲል ቀኝ እጁን እንደሚያነሣ እንኳ ያውቃል። አነሣም። ለጥያቄው የተሰጠው መልስ ሳይሆን ያው የእሑዱ ንግግር ነበር።

«ተከታይ ጥያቄ አለዎት?» አለ መድረክ መሪው።

ህሩይ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ፈለጋት። «ተከታይ ጥያቄዬን እትዬ ወለተሩፋኤል ይጠይቁልኝ» አለ።

«አይቻልም፣ ጠያቂው አንድ ሰው ነው...»

«ጥያቄው የእኔ ነው፤ አፉ የእሳቸው ነው» አለ ህሩይ፤ ከማይክሮፎኑም አልተነሣም።

ወለተሩፋኤል ወደ ፊት ለመምጣት አልጠበቀችም። ያለ ማይክሮፎን፣ ከኋላ ሆና፣ ወገራ ከተራራ ወደ ተራራ በሚጣሩበት ድምፅ ተናገረች። «እኔ ቦኖ ጠባቂ ነኝ። ለሁሉም ቤት ቧንቧ ከገባ ቁልፌን አንገረብ ወንዝ ወስጄ እወረውረዋለሁ። ነገር ግን እኔ ቦኖ ላይ ከሚሰለፉት አርባ ሦስት ቤቶች ሠላሳ አንዱ ተከራይ ናቸው። አከራያቸው ቧንቧ አለው፤ ቆልፎበታል። እርስዎ ቦኖውን ሲዘጉት ተከራይ ከማን ኋላ ይሰለፍ?»

አቶ አስማረ ፈገግ አለ። ሰው የሚወደው ዓይነት ፈገግታ ነው። «እናቴ፣ ይህ እኮ በክርክሩ ላይ በዝርዝር ተመልሷል። ክርክሩን አላዩም እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። ወለተሩፋኤል ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«አላየሁም» አለች። «እርስዎስ የእኛን ቦኖ አይተዋል?»

ሳቁ ተመልሶ አልመጣም። አቶ አስማረ የውሃ ፕላስቲኩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «እርስዎ ስለ ውሃ ይናገሩ በነበረበት ሰዓት ውሃ መጥቶ ነበር» አለች ቀጥላ። «እኔ ቧንቧው ጋ ነበርሁ። ቴሌቪዥኑ ፊት ስላልተቀመጥሁ ሰፈሬ ኃላፊነት የለሽም ብሎኛል። ይበለኝ! እኔ ግን የት እንደነበርሁ አውቃለሁ።»

ኢልሃም እልልታዋን ለቀቀችው። መድረክ መሪው እጁን አውለብልቦ «ጥያቄው በክርክሩ የተመለሰ በመሆኑ...» ብሎ ሳይጨርስ ህሩይ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አልተመለሰም» አለ። «ክርክሩን ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፤ የተባለውን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ተከራይ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።»

አቶ አስማረ «እናጠናዋለን» ብሎ ተቀመጠ። ከጎኑ ያሉት ዕጩዎችም አንዳቸውም አልተናገሩም። ወለተሩፋኤል ከዚያ አዳራሽ መልስ ይዛ አልወጣችም። ነገር ግን አንገቷ ቀና ብሎ ነው የወጣችው፤ ከበሩ እስከ አደባባዩ የማታውቃቸው ሴቶች እጇን ይጨብጧት ነበር።

ቁልቁል ወደ ሰፈር ሲወርዱ ህሩይ ከኋላ ደረሰባት።

«ቦኖው እንደሚዘጋ ግን ከእኔ ነው የሰሙት» አላት፤ መምህር ነውና መተው አልቻለም።

«ከአንተ ነው። ባትነግረኝ ያን ጥያቄ አልጠይቅም ነበር። አንተ ማየት ታውቅበታለህ፣ እይ፤ ያየኸውን ንገረኝ። እኔ መቆም አውቅበታለሁ። ሁለተኛ ግን ኃላፊነት የጎደለሽ እንዳትለኝ። ካልኸኝ ከእንግዲህ አልሰማህም።»

«አልልም እትዬ» አለ ህሩይ።

የምርጫው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ወለተሩፋኤል ወደ ምርጫ ጣቢያው ወጣች። ቀድመዋት የተሰለፉ ነበሩ፤ ሰልፉ ውስጥ ግን ከሰው ይልቅ ድንጋይ ይበዛል። ሰው ድንጋይ እያኖረ ወረፋ አስይዞ ቁርሱን ሊበላ፣ ካቦርቱን ሊደርብ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ከእሷ ፊት የነበረው ድንጋይ ከሥሩ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ተጣጥፎበት፣ «ህሩይ» ተብሎ በማርከር ተጽፎበታል። ሰልፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቆማ አየችው፤ ከዚያም በእግሯ ገፋ አድርጋ አለፈችው።

ጥቂት ቆይቶ ህሩይ እያለከለከ ደረሰ። የመራጭነት ካርዱን ረስቶ ኖሯል ሊያመጣ የሄደው። ክርክሩን ሦስት ጊዜ ያየው ሰው ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ነው የወጣው። «መምህር፣ ድንጋይህ እዚህ ነበር፤ ግባ፣ ግባ» አለው አንድ ሰው፤ ቦታም ሊለቅለት ፈቀቅ አለ። ህሩይ ወደ ጎን የተገፋውን ድንጋይ አየ፤ ከዚያ ወለተሩፋኤልን አየ። እሷ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ቆማለች፤ አላየችውም፤ ወይም ያላየች መስላለች።

«አይሆንም» አለ ህሩይ። «አልቆምኩበትም።» መነጽሩን በእጅጌው ጠርጎ ሰልፉን ተከትሎ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሰልፉ ረጅም ስለነበር እስከ መጨረሻው ለመድረስ ብዙ ሄደ።

ወለተሩፋኤል ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ድምፅ ሰጥታ ወጣች። ለማን እንደሰጠች ለኢልሃም እንኳ አልነገረችም። ጣቷ ላይ ያለው ቀለም ሳይደርቅ ቁልፏን ከጉያዋ አውጥታ ቦኖውን ከፈተች። ውሃ አልነበረም፤ በርጩማዋን አውጥታ ተቀመጠች።